በዝግታ መልመድና በሙሉ ፍጥነት መልመድ

የልጆች የቪዲዮ ጨዋታ በቤተ ሰብ መካከል በተነሣ ቍጥር ክርክሩ «ይጫወቱ» ወይም «አይጫወቱ» በሚለው ላይ ብቻ ይቆማል። ስለ ሰዓቱ ልክና ስለ ትምህርቱ መቅደም ከዚህ በፊት በዚህ ዓምድ ደጋግመን ስለ ጻፍን ዛሬ አንመለስበትም። የዛሬው ነገራችን ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይጠይቁት ነው፤ ይኸውም ልጁ አንድ አስቸጋሪ የእጅ ሥራ ለመልመድ በተቀመጠ ጊዜ በምን መንገድ ቢለማመድ ይሳካለታል የሚለው ነው። ለመጻፍ ምክንያት የሆነን በቤታችን የሚኖረው የእኅታችን ልጅ ነው።

ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የሚወደውም ስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ የተባለውን፥ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ያወጣውን የድብድብ ጨዋታ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። በዚህ ጨዋታ ውስጥ «ፓሪ» የሚባል ጥበብ አለ። ተጫዋቹ የጠላቱ ምት ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው ጆይስቲኩን ወደ ጠላቱ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ነካ ያደርጋል፤ በልኩ የነካ እንደ ሆነ ምቱ ምንም ሳይጐዳው ያልፋል። ቀድሞ የነካ ይመታል፤ የዘገየም ይመታል። ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከመከላከል ይልቅ ወደ ምቱ መግባትን ስለሚጠይቅ ልብን የሚፈትን ነገር ነው።

ይህን ጥበብ በዓለም ያስታወቀው በ2004 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በተደረገው ኢቮ በተባለው ውድድር ላይ የጃፓኑ ዳይጎ ኡሜሃራ ያደረገው ነው። የዳይጎ ተዋጊ፥ ኬን የተባለው፥ የሕይወቱ መለኪያ ሊያልቅ የቀረው እንደ ክር ያለ ነበር፤ ምቱን በተለመደው መንገድ ቢከላከለው እንኳ ከመከላከል በሚደርሰው ጥቂት ጕዳት ይሞት ነበር። አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግም ቹን ሊ በተባለችው ተዋጊ ተከታታይ የሆነውን ትልቁን ምቷን ለቀቀበት። ዳይጎ 15ቱን ምቶች አንድ በአንድ ተቀብሎ፥ የመጨረሻውን በአየር ላይ ዘሎ ከመለሰ በኋላ ጨዋታውን በዚያው አሸነፈ። በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ ጩኸት በፊልሙ ላይ እስከ ዛሬ ይሰማል። (ውድድሩን በጠቅላላው ያሸነፈው ግን ዳይጎ አይደለም፤ ፊልሙን የሚያዩ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ።)

የእኅታችን ልጅ ያንን ፊልም አይቶ እርሱም 15ቱን ለመመለስ ተነሣ። እንዲህ ያለውን የቆየ ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚያስኬዱት ፕሮግራሞች ፍጥነቱን ለመቀነስ ስለሚያስችሉ እኩሌታ አድርጎ ቀንሶ ሦስት ሳምንት በየማታው ተለማመደ። በዚያ ዝግታ 15ቱንም ደጋግሞ መለሰ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ወደ ደንቡ ቢመልሰው ሦስተኛውን ምት እንኳ ማለፍ አቃተው። «ጋሼ፥ ቀስ ሲል ሁሉን እይዛለሁ፤ በደንቡ ሲሄድ አንዱም አይያዝልኝም። እጄ ደንዛዛ ነው፤ እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» አለን። እናቱም ከጓዳ ሆና «በሒሳቡም የሚለው ይህንኑ ነው» አለች። ጨዋታው ቢቀርም ይቀር ነበር፤ እኛን ያሳሰበን «አልተፈጠርሁም» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጠን ነገሩን እንደ ክስ መዝገብ ከመጀመሪያው መረመርነው።

በመጀመሪያ የምናገኘው የቍጥር ነገር ነው። እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች በአንድ ሰኮንድ 60 ሥዕል እያሳዩ ይሄዳሉ፤ ጨዋታው የእጅን ትእዛዝ የሚቀበለውም በዚሁ ልክ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው ስትሪት ፋይተር 4 ውስጥ አንዳንዱን ምት ከሌላው ጋር ለማያያዝ የተፈቀደው ጊዜ የአንድ ሥዕል ዕድሜ ብቻ ነበር፤ ይህም የሰኮንድ ስድሳኛ ነው። በተከን ጨዋታም ካዙያ የተባለው ተዋጊ መብረቅ ያለበትን ቡጢ እንዲመታ ጆይስቲኩ ወደ ታችና ወደ ፊት ባለው ማዕዘን የደረሰበት ሥዕልና ቡጢው የተጫነበት ሥዕል አንድ መሆን አለባቸው። ከተለያዩ ቡጢው ያለ መብረቅ ይወጣል፤ ጠላቱም ከተከላከለው ባለ ቡጢውን ለመቅጣት ጊዜ ያገኛል። እንግዲህ ፍጥነቱ በእኩሌታ በቀነሰ ጊዜ ያ የሰኮንድ ስድሳኛ ሠላሳኛ ይሆናል። ልጁ ያለፈበት በር እጥፍ ሰፍቶ ነበር ማለት ነው። በሰፊው በር ማለፉ በጠባቡ ለማለፉ ምስክር አይሆንም፤ በጠባቡ አለማለፉም እጁ ደንዛዛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። ሰው አንድ ነገር በዐይኑ አይቶ በእጁ እስኪመልስ የሰኮንድ ሩብ ያኽል ይፈጃል፤ ይህም በጨዋታው ቍጥር 15 ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ የቹን ሊን ምቶች እያንዳንዳቸውን አይቶ የሚመልስ ሰው የለም። ዳይጎም ቢሆን የመለሰው ምት በምት እያየ አይደለም፤ የምቶቹን አወራረድ አስቀድሞ በእጁ ይዞት ስለ ነበር ነው። አወራረድ ደግሞ በዘገየ ጊዜ ሌላ ይሆናል። ልጁ በዝግታ ሲለማመድ ዐይኑን እየተከተለ ነበር፤ ጊዜው ይበቃዋልና። ፍጥነቱ በተመለሰ ጊዜ ግን ዐይኑ ተቀደመ፤ እጁም ብቻውን የሚሄድበትን ገና አልተማረም።

እኛ በፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል በኮምፒዩተር እየጻፍን የምንውል ሰዎች ይህን በጣቶቻችን እናውቀዋለን። አንዱ የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሁለት ቍልፍ ነው። አዲስ የገባ ጸሐፊ አንዱን ጣት ያወርዳል፥ ያነሣል፥ ከዚያም ሁለተኛውን ይፈልጋል። የለመደው ጸሐፊ ግን የመጀመሪያው ጣት ገና ቍልፉን ሳይነካ ሁለተኛው ጕዞ ጀምሯል። ፈጣኑ አጻጻፍ ዝግተኛው ተፋጥኖ የተገኘ አይደለም፤ የጣቶቹ አካሄድ ራሱ ልዩ ነው። ዓመት ሙሉ ቀስ ብሎ በአንድ ጣት የጻፈ ሰው ተናጋሪውን ምስክር አይደርስበትም።

«እንግዲያስ በዝግታ መለማመድ ከንቱ ነው ወይ?» የሚል ቢኖር፥ አይደለም እንላለን። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በመጀመሪያ በቍጥር፥ ከዚያም በግዕዝ፥ ከዚያም በውርድ ንባብ ያነባል፤ ቍጥሩን ዘልሎ ወደ ውርዱ የሚገባ የለም። በዝግታ የሚታወቀው ቅደም ተከተሉ ነው፤ የትኛው አቅጣጫ ከየትኛው እንደሚቀድም፥ አውራ ጣት የት ላይ እንደሚስት ይታያል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አንዴ ከታወቀ የዝግታ ሥራ አለቀ። የእኅታችን ልጅ ለዚህ አንድ ማታ ይበቃው ነበር፤ ሦስት ሳምንት ግን በቍጥር ላይ መክረም ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አርሞኒየም ያስተማሩን መምህር መዝሙሩን በዝግታ አስጀምረው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያፋጥኑት ነበር፤ ጥሩም ነበር። ጨዋታውንም በዚሁ መንገድ ከእኩሌታ ወደ ሙሉ ደረጃ በደረጃ የሚያፋጥኑ አሉ። እኛ ግን ልዩነት እናይበታለን። መዝሙር በዝግታም ቢሆን መዝሙር ነው፤ ልኩንም የሚሰጠው ሰው ነው። በጨዋታው ግን ልኩን የወሰነው መኪናው ነው፤ ፍጥነቱ ከፍ ባለ ቍጥር የሚነካበት ጊዜ ስለሚለወጥ ልጁ በየደረጃው የትናንቱን እየተወ አዲስ ልክ ይማራል።

ለልጁ የነገርነው መንገድ ሌላ ነው፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ ሥራውን መቍረጥ። ከ15ቱ ምቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ በሙሉ ፍጥነት ይመልስ፤ የቀሩት ይምቱት ግድ የለም፤ በልምምድ ክፍል ሕይወቱ ተመልሶ ይሞላልና። ሁለቱ በተከታታይ ዐሥር ጊዜ ከተያዙለት ሦስተኛውን ይጨምር። ደግሞም ከመጫወቱ በፊት ፊልሙን ደጋግሞ ይስማ፤ የምቶቹን ድምፅ በጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየመታ ይከተል። ይህን ሲያደርግ እናቱ «ደግሞ ምን ጀመረህ?» አለችው፤ እኛም ዝም አስባልናት።

በአራተኛው ቀን አምስት ደረሰ። ስለ እጁ የተናገረውን አልደገመውም፤ ስድስተኛው ላይ ቢሳሳት «እዚህ ጋ አወራረዱ ይለወጣል» አለ እንጂ። ከዚህም በኋላ ይህንኑ የመቍረጥ ነገር በሒሳቡ ደብተር ላይ ሲሞክረው አየነው፤ ረጅሙን ጥያቄ ከፍሎ ጽፎታል። እናቱ ይህን ከጨዋታው ጋር አላያያዘችውም፤ እኛም አልነገርናትም።

ለወላጆች ሁለት ጥቃቅን ነገር እንጨምር። እጅ ከደከመ በኋላ የሚለማመደው ስሕተቱን ስለ ሆነ ሃያ ደቂቃ ከሁለት ሰዓት ይሻላል፤ የተለማመዱትም ነገር በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚጸና ትናንት እምቢ ያለው ዛሬ ጧት ያለ ድካም ቢያዝ አይገረሙ። ሁለተኛውም፥ በእነዚህ ጨዋታዎች ተዋጊዎቹ ቦታ በተለዋወጡ ጊዜ «ወደ ፊት» የተባለው ግራ የነበረው ቀኝ፥ ቀኝ የነበረው ግራ ይሆናል። በአንዱ ወገን ቆሞ የለመደ ልጅ በሌላው ወገን እንደ አዲስ ተማሪ ነውና፥ ትናንት ያውቅ የነበረውን ዛሬ ረሳ ተብሎ እንዳይወቀስ ወዴት ዞሮ እንደ ቆመ አስቀድመው ይመልከቱለት።