በሆሳዕና ሾክ ዌቭን ማስላት ይቻላልን?

አንድ የዋቸሞ ዩኒቨርስቲ የምሕንድስና ተማሪ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ግቢ ተቀምጦ «ከድምፅ ስለሚፈጥን አየር አጠናለሁ» ቢል፣ አንዳንድ ጓደኞቻችን ነገሩን ላም አለኝ በሰማይ አድርገው ይቈጥሩታል። እንሰት በሚፋቅበት፣ ስንዴ በሚዘራበት አገር ይህ ምን ይረባል? ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ነገሩ እንደሚታሰበው ከኛ የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ. ም. የተረከበው ቦይንግ 787 በጉዞ ላይ ሳለ ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ በሚያህል ፍጥነት ይበራል። አውሮፕላኑ ራሱ ከድምፅ ቢዘገይም፣ በክንፉ ጀርባ የሚያልፈው አየር ግን ከድምፅ ሊፈጥን ይችላል፤ ፍጥነቱም ሲቀንስ ባንድ ጊዜ ይገታል። ይህ መገቻ ሾክ ዌቭ ይባላል፤ ውፍረቱም ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያነሰ ነው። በክረምት ከቁልቁለት በሚወርድ ቦይ ስሱ ውሃ ሲሮጥ ቆይቶ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ድንገት የሚከመርበትንና የሚያረፋበትን ቦታ ያየ ሰው የሾክ ዌቭን ዘመድ አይቶአል ማለት ነው።

ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 (እ. አ. አ.) እንዳስረዳው ደግሞ ከክንፉ ገላ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ስስ የአየር ንጣፍ አለ። ገላውን የነካው አየር ቆሞ ሳለ ከእርሱ በላይ ያለው እየፈጠነ ይሄዳል። ሾኩ በዚህ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ ከታች ያለው ዘገምተኛ አየር ግፊቱን መቋቋም ያቅተዋል፤ ንጣፉ ይወፍራል፣ አንዳንዴም ከገላው ይላቀቃል፤ ሾኩም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው ሲበረታ ክንፉን ያንቀጠቅጣል። ፍጥነቱ እጅግ ሲጨምርማ ጉዳቱ የባሰ ነው። በ1967 (እ. አ. አ.) ኤክስ 15 የተባለው የአሜሪካ የሙከራ አውሮፕላን ከድምፅ 6.7 ጊዜ እጥፍ በፈጠነበት በረራ፣ ከሆዱ ሥር ተንጠልጥሎ ከነበረው ሞተር መሰል ዕቃ የተነሣው ሾክ ዌቭ የማንጠልጠያውን ብረት በሙቀት በስቶታል።

ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ለማስመሰል ሲሞከር ችግሩ ይደራረባል። ሁከት ያለበት ንጣፍ በሽክርክሪት የተሞላ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ይወልዳል፣ ትንሹም ይበልጥ ትንሹን። ሁሉንም ለመያዝ አየሩን እጅግ ደቃቅ በሆኑ ሳጥኖች መሸንሸን ግድ ይሆናል። የሾኩ ውዝዋዜ ግን ከሽክርክሪቶቹ አሥርና መቶ ጊዜ የዘገየ ስለሆነ፣ ያው ደቃቅ ስሌት እጅግ ረጅም ጊዜ መሥራት አለበት። ሌላም ጣጣ አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በሾኩ አጠገብ ቁጥሮቹ እንዳይናጡ ስሌቱን ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ያው ማለስለሻ ግን ሽክርክሪቶቹን ያጠፋቸዋል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው! ኒኮላውስ አዳምስ በ2000 (እ. አ. አ.) ከድምፅ 3 ጊዜ እጥፍ የፈጠነ አየር 18 ዲግሪ ባለው ዳገት ላይ ሲወጣ ሁከቱን በአማካይ ሳይተካ አስልቶ አሳትሞአል። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን የሁከቱ መጠን በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ካለው ብዙ ያነሰ ነበር።

ሁከቱን በአማካይ የሚተካ ርካሽ ዘዴም አለ፤ በተራ ኮምፒዩተር ይሠራል። ይሁን እንጂ አየሩ ከገላው የሚላቀቅበትን ቦታና ስፋት ብዙ ጊዜ ይስታል። የሚወዛወዘውንም ሾክ እንደ ቆመ አድርጎ ያሳያል።

ክርክሬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በየኮሌጁ በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ የፍሰት ሥዕሎች እየበዙ ሄደዋል። ሥዕሉ ያማረ እንደሆነ ይጨበጨባል፤ «የሳጥኑን ቁጥር እጥፍ ብታደርገው መልሱ ይለወጣልን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኮምፒዩተር ለተሳሳተ ጥያቄም ቢሆን ያማረ ሥዕል ከመስጠት አይመለስም። ባልተመረመረ ሥዕል የተመረቀ መሐንዲስ ነገ የመስኖ ቦይ ወይም የድልድይ ምሰሶ ሲያሰላ ያንኑ ልማድ ይዞ ይሄዳል። እንሰትና ስንዴ ላሉት ወንድሞቼ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

በሆሳዕና የአዳምስን ሥራ እንድገም የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። የሚቻለው ሌላ ነው። ኦፐን ፎምና ኤስ ዩ 2 የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ጋሪ ሶድ በ1978 (እ. አ. አ.) ባቀረበው የቱቦ ጥያቄ እንጀምር፤ ትክክለኛው መልስ የታወቀ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሲሳሳት ወዲያው ይያዛል። ቀጥሎ ከድምፅ 2 ጊዜ እጥፍ የፈጠነ አየር በ10 ዲግሪ ሽብልቅ ላይ እንዲያልፍ እናድርግ። ሾኩ በ39.3 ዲግሪ መቆም፣ ግፊቱም 1.7 ጊዜ ያህል መጨመር አለበት፤ ይህን በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ ይቻላል። ወደ ሁከቱ የምንገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ሌሎች ለክተው ካሳተሙት ቁጥር ጋር እያስተያየን፣ ያልገጠመውንም ሳንደብቅ በጽሑፋችን እያሰፈርን።

ለዚህ አራት አምስት ተማሪዎችና በየማታው ነፃ የሚሆን አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል። መብራት ቢጠፋ ስሌቱ ከቆመበት እንዲቀጥል፣ ውጤቱን በየሰዓቱ ማስቀመጥ እንዳይረሳ።