ሰው የሚያሳንስ መስተዋት

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርት እንዳበቃ አንድ ሾፌር መኪናውን ከመማሪያ ቤታችን ፊት አቁሞ ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ አንድ አዛውንት፣ አህያቸውን እየሳቡ ወደ መኪናው ተጠጉና በግራ ጎን ባለው መስተዋት ፊታቸውን አዩ። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ዞረው በቀኝ በኩል ያለውንም አዩ። ጥቂት ቆይተው እየሣቁ፣ «ልጄ፣ በዚያኛው ደህና ሰው ነበርኩ፤ በዚህኛው ግን ሕፃን አከልኩ። መስተዋት ሰው ያሳንሳል እንዴ?» አሉኝ።

አዎን፣ ያሳንሳል። ለምን እንደሚያሳንስ ዛሬ እንመልከት።

የመኪናን የጎን መስተዋት ሾፌሮች ስፖኪዮ ይሉታል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ስፖኪዮ ሾፌሩ ከኋላው የሚመጣውን እንዲያይበት የተሠራ ነው። ዓይነቱም ሁለት ነው። አንዱ እንደ ቤት መስተዋት ዝርግ ነው። ሌላው መካከሉ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። ጉብጠቱ ትንሽ ስለሆነ በዓይን ቶሎ አይለይም።

በቤታችሁ ሞክሩት። አንድ የሚያብለጨልጭ ማንኪያ ውሰዱ። ጀርባውን ወደ ፊታችሁ አዙሩና ተመልከቱ። ፊታችሁ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን በሩም፣ ምሰሶውም፣ ከጎናችሁ የተቀመጠውም ሰው አብሮ ይታያል። የማንኪያውን ያህል ስፋት ባለው ዝርግ መስተዋት ብታዩ ግን አፍንጫችሁንና አፋችሁን ብታዩ ነው።

ምክንያቱ ይኸ ነው። ብርሃን መስተዋት ላይ ሲያርፍ፣ ግድግዳ ላይ እንደተወረወረ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል። ዝርግ መስተዋት ሁለመናው ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነው። ጎበጥ ያለው ግን መካከሉ ወደ ኋላ፣ ዳር ዳሩ ወደ ጎን ወደ ጎን ይመለከታል። ስለዚህ ሰፊ ቦታ ይሰበስባል። ታዲያ የመስተዋቱ መጠን ያው ነው፤ አልጨመረም። ለሦስት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰው ከተቀመጠ ሁሉም መጠጋጋት አለበት። አዛውንቱ ያነሱትም ለዚህ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን የለመደው ሩቅ ያለ ነገር ትንሽ ሆኖ ሲታይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ያየነውን ሩቅ ነው እንላለን። በጎባጣው መስተዋት ትንሽ ሆኖ የታየው የጭነት መኪና ግን ሩቅ ላይሆን ይችላል። ደርሶባችኋል እኮ!

ዝርጉስ? ዝርጉ ርቀት አያሳስትም፤ ግን ብዙ ይደብቃል። ከመኪናው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ ሾፌሩ ፊት ለፊት ሲመለከትም፣ በመስተዋቱ ሲመለከትም የማያየው ቦታ አለ። ሞተር ብስክሌት፣ ባጃጅ፣ አህያ የሚነዳ ሰው እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

አገሮችም በዚህ ነገር አልተስማሙም። በአሜሪካ ሕግ በሾፌሩ በኩል ያለው መስተዋት ዝርግ መሆን አለበት። በሌላው ጎን ጎባጣ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ቋንቋ «በመስተዋቱ የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት ይልቅ የቀረቡ ናቸው» እንደ ማለት ነው። የፊደሎቹ ቁመት እንኳ በሕግ ተወስኗል፤ ከ4.8 እስከ 6.4 ሚሊ ሜትር። የስንዴ ፍሬ ርዝመት ያህል መሆኑ ነው። በአውሮፓ ግን ጎባጣው በሁለቱም ጎን ይገባል። አዛውንቱ ያዩት መኪና ከአሜሪካ የመጣ ነበር።

የአጎቴም መኪና እንዲሁ ነበረች። አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ከፊታችን ጭድ የጫነ ጋሪ ይሄዳል። አጎቴ የግራውን ስፖኪዮ አየ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ጋሪውን ሊቀድም መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ጩኸት ሰማን። ሞተር ብስክሌት ከበሩ አጠገብ ነበር። ልጁ ከመንገዱ ወጥቶ አፈሩ ላይ ቆመ፤ ደግነቱ አልወደቀም። አጎቴ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሳምንቱ የግራውን በጎባጣ አስለወጠ። ሥራው ከባድ አይደለም። ስፖኪዮው በሙሉ አይነሣም፤ መስተዋቱ ብቻ ከጀርባው ፕላስቲክ ጋር ወልቆ ሌላው ይገባል። ነገር ግን ለዚያው ለመኪናው ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት። ልኩ ያልሆነ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ መስተዋት ደግሞ ምንም አያሳይም። አንዳንድ ሾፌር ዝርጉን ሳይነካ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ጎባጣ መስተዋት ይለጥፋል። ዝርግ ለለመደ ሰው ይህ የሚሻል ይመስለኛል። ምክንያቱም አጎቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአዲሱ መስተዋት ተታልሎ ነበር። ሩቅ ነው ብሎ የወጣበት ኢሱዙ በጡሩምባ መለሰው። አሁን ጎኑን በስፖኪዮ፣ ርቀቱን ከፊቱ በተሰቀለው በውስጠኛው ዝርግ መስተዋት ያያል። ከዚያም አንገቱን ዞር ያደርጋል።

መኪና ያለው ዘመድ ቢኖራችሁና መስተዋቱ የቱ እንደሆነ ባያውቅ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በመስተዋቱ ላይ አጋድማችሁ አሳዩት። ማስመሪያው ከዳር እስከ ዳር ገጥሞ ከተኛ ዝርግ ነው። መካከሉ ነክቶ ዳርና ዳሩ ክፍት ከሆነ ጎባጣ ነው።

ለእኛ ለእግረኞች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብርሃን በሄደበት መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ ከመኪና ጎን ስትቆሙ የሾፌሩን ዓይን በመስተዋቱ ውስጥ ካያችሁ፣ እሱም ቢመለከት ሊያያችሁ ይችላል። ዓይኑን ካላያችሁ ግን በዚያ መስተዋት ፈጽሞ አያያችሁም።

ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ሾፌሩ ተመልሶ መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። እሳቸው በግራ በኩል ከኋላ ቆመው መስተዋቱን ተመለከቱ።

«አየሁት፤ ዓይኑ ይኸውና» አሉ።

ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዱ።

«አሁን ጠፋ።»

ሞተሩ ተነሣ። አዛውንቱ የአህያቸውን ገመድ ሳብ አድርገው ወደ አጥሩ ተጠጉ።