መሬት ሳይናድ ስለ ማወቅ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጥ ሕዝብ ዐለቀ። ከሞቱትም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። በነሐሴም በሰሜን ጎንደር በጠለምት ናዳ ሰው ገደለ።

አብርሃ ጅራ በቆላ ሜዳ ስላለች፥ ነገሩ የደጋ ብቻ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ለሰሊጥ አረም በክረምት ወደ ቆላ የሚወርደው የደጋ ሠራተኛ ልጆቹን የሚተወው በዳገት ሥር ነው።

የዛሬው ዕውቀት በጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት የዳገቱን ቁልቁለት፥ የዐለቱንና የአፈሩን ዐይነት፥ የዝናሙን መጠን፥ የወንዙንና የመንገዱን ቅርበት በካርታ ደራርቦ፥ ቀድሞ ከተናዱት ስፍራዎች ጋራ አስተያይቶ የሚያሰጋውን ምድር ይለያል። ናዳው የሚወርድበትን ቀን ግን አይናገርም። ደግሞም ከሰማይ የተነሣ ሥዕል የማያሳየውን፥ ዛፍና ሣር የሸፈነውን የጥንት ናዳ የሚያስታውሱ የአገሩ ሽማግሎችና ካህናት ናቸውና ሊጠየቁ ይገባል።

ስለዚህ ሹማምንት ካርታውን ከመዝገብ ቤት አውጥተው ለየቀበሌው ያድርሱ፤ ቤትና መንገድ ሲፈቅዱም ይመልከቱት። ካህናትም ናዳ በወረደ ጊዜ መሬቱ ሳይረጋ ከሥሩ መሰብሰብ እንዳይገባ ለሕዝቡ አስቀድመው ያስተምሩ። ከዳገቱ ሥር ተነሥ ለሚባለውም ሰው የሚያርሰው መሬት ይሰጠው፤ ያለዚያ ርኃብ ወደዚያው ይመልሰዋል፥ ካርታውም ከንቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።