ስለ እጅ ሥራ ክብርና ስለ ሃይማኖታችን

ሃይማኖት ማለት እሑድ ማለዳ ከነጠላ ጋር ተጐናጽፈነው፥ ከቅዳሴ ስንመለስ አጣጥፈን ከሣጥን የምናኖረው ልብስ አይደለም። በሰንበት ያመንነውን ነገር ሰኞ ካልሠራንበት፥ ዘሩን ተቀብሎ ፍሬ የሚነሣ መሬት መሆናችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ አባትና እናት ልናሳስብ የወደድነው፥ ሃይማኖታችን ወደ ሥራችንና ወደ ልማዳችን የሚገባበትን አንድ በር ነው፤ ይኸውም በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው የምናይበት ዓይን ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያየኸውን ሁሉ እስቲ አስተውለው። የለበስከውን ሸማ እናቶች ጥጡን ፈትለው፥ ሸማኔው እግሩን ከጕድጓድ አውርዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ውሎ ሠራው። ካህኑ የሚያሳልምህን መስቀልና መዘምራኑ የሚያንሿሿትን ጸናጽል አንጥረኛው በእሳት ፊት ላቡን አፍስሶ አበጀው። ከበሮውን እንጨት ጠራቢው ፈለፈለው፤ ቆዳ ሠሪው ለጐመው። ወንጌሉ የተጻፈበትም ብራና አስቀድሞ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነበረ፤ በውሃ ተነክሮ፥ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ፥ ደርቆና ለስልሶ ነው ለጸሓፊው የደረሰው። ወደ ቤትህም በተመለስህ ጊዜ፥ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድና ቡናው የፈላበት ጀበና ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጡ ናቸው። እህሉ የበቀለበትን መሬት የሰነጠቀው ማረሻም በብረት ቀጥቃጩ ወናፍ የጋለ፥ በመዶሻው የተቀጠቀጠ ነው።

እንግዲህ ሥራውን ተሳልመን ሠሪውን መናቃችን ከየት የመጣ ነው? ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፥ ብረት ሠሪውን ጠይብ፥ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ሙያውን ስድብ አደረጉበት። ከዚህም አልፈው ብረት ሠሪውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው፥ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ በማለት፥ ሕፃናት ከፊታቸው እንዲሸሹ አስተማሩ።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ከዚህ የራቀ ነገር ያስተምረናል። ኦሪት ዘፀአት በ31ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን፥ እግዚአብሔር የማደሪያውን ድንኳን ባሠራ ጊዜ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን ሞላበት፤ የሞላበትም ወርቅና ብር ናስም ይሠራ ዘንድ፥ ዕንቍና እንጨትም ይቀርጽ ዘንድ ነው። ጌታችንን የናዝሬት ሰዎች ጠራቢ እያሉ እንደ ናቁት ቅዱስ ማርቆስ ጽፎልናል። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖረ፤ ወንጌልን ሲሰብክ የእጁን ሥራ አላፈረበትም። የመነኮሳት አባት ጳኩሚስ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ገዳም በሠራ ጊዜ ጸሎትንና የእጅ ሥራን አንድ አድርጎ ደነገገ፤ መነኮሳቱም ሰሌንና ቅርጫት እየሠሩ መዝሙር ይደግሙ ነበር። የእርሱም ሥርዓት ወደ ግዕዝ ተመልሶ ለገዳሞቻችን ደርሷል። ታዲያ አበው ጸሎት ያደረጉትን ነገር እኛ ነውር ብንለው፥ ጥፋቱ የማን ነው?

የአገራችንም ታሪክ የሚወቅሰን ነገር አለ። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ፥ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ ግንበኞችና እንጨት ሠሪዎች ግንቡንና አብያተ ክርስቲያናቱን በመሥራት ይረዱ ነበር። ሃይማኖታቸው ልዩ ሲሆን፥ ክርስቲያን የሚጸልይበትን ቤት በጥበብ አቆሙለት፤ ከእነርሱም ብረት ቀጥቃጮቹ ለገበሬው ማረሻ፥ ሴቶቹ ለባልቴቲቱ ድስት ሠሩ። ዋጋቸው ግን በብዙው ስፍራ ቡዳ መባል ሆነ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. እጅግ ብዙዎቻቸው ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚጎዳ አይተው፥ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ። ሰው ሥራውን አፍሮ ከተወ ጥበብ ከአገር እንደሚጠፋና ምድሩ የሌላው እጅ ጠባቂ እንደሚሆን ገብቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። በየከተማው ብዙ ነገር ቢሻሻልም፥ በአንዳንድ ስፍራ ግን ንቀቱ ዛሬም አልለቀቀም። ምክንያቱም ዐዋጅ በአደባባይ ይነገራል እንጂ፥ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ለልጅ ተረት አይነግርም። በምድጃ ዳር የሚነግሩት አባትና እናት ናቸው።

አንዳንድ ሰው ግን፥ ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነውና አንነካውም ይል ይሆናል። እኛም ልማድ ሁሉ ይጣል አንልም። በወር በወሩ በጻድቅና በሰማዕት ስም ተሰብስቦ ጽዋ መጠጣት፥ ሰንበቴ አውጥቶ ነዳያንን መመገብ፥ ለደካማ ጎረቤት በደቦ ማረስ፥ እነዚህ ሁሉ ወንጌል በባህላችን ሥጋ የለበሰባቸው ያማሩ ልማዶች ናቸው። ነገር ግን ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ይገባል። መለያውም ቀላል ነው፤ ልማዱ ሰውን ወደ ማዕድ የሚያቀርብ እንደ ሆነ ይጠበቅ፤ ከማዕድ የሚያርቅ እንደ ሆነ ይቅር። በማኅበራችሁ ጽዋ ዙሪያ ሸክላ ሠሪዋ ትቀመጣለችን? ወይስ ጽዋውን ሠርታ ከደጅ ትመለሳለች?

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለው በጋብቻ ጊዜ ነው። ጨዋ ልጅ፥ ታማኝና ትጉህ ሆኖ ሳለ፥ አያቱ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር ስለ ተባለ ብቻ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ሁለት ወጣቶችም ልባቸው ተሰብሮ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ የሥጋ ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ትቈጥራለች፤ የአያትን ሙያ ግን ቍጠሩ ብላ አላዘዘችም። ስለዚህ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ፥ የማን ዘር ነው ከማለት ይልቅ፥ ቃሉን ይጠብቃልን? ሚዛኑ እውነተኛ ነውን? እናቱን ያከብራልን? ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ባለሙያውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችና ወታደሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ኑ አላላቸውም፤ ቀራጩን ከታዘዘው አብልጦ እንዳይቀበል፥ ወታደሩን ማንንም እንዳይቀማና በደመወዙ እንዲረካ መከራቸው። እንዲሁ ሸማኔው በቀጠረው ቀን ሸማውን ያድርስ፤ ብረት ሠሪው በመጀመሪያው ትልም የሚሰበር ማረሻ አይሽጥ፤ ግንበኛው ማንም በማያየው መሠረት ላይ እውነቱን ያኑር፤ በመሥሪያ ቤት የተቀመጠውም ባለጕዳይን ነገ ና እያለ አያመላልስ። የማይታየውን ሥራ በእውነት መሥራት እግዚአብሔር ያየኛል ማለት ነውና፥ ከረጅም ጸሎት የማያንስ ምስክርነት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር በቤታችሁ ሞክሩ። አንደኛ፥ ሙያን ስድብ የሚያደርገውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት፤ ልጅ የሚሰማውን ይናገራልና። ሁለተኛ፥ ልጃችሁ መጋዝ ወይም መርፌ ቢወድድ፥ ተምሮ እንዴት ይህን ይሠራል ብላችሁ አታሳፍሩት፤ ብዕርና መዶሻ በአንድ እጅ ቢያዙ አይጣሉምና። ሦስተኛ፥ ምጣድ ወይም ማረሻ ስትገዙ ከሠሪው ጋር እንደ ሰው ተነጋገሩ፤ ስሙን ጠይቁ፤ ዋጋውን ሳታጐድሉ ስጡ፤ ልጆቻችሁም ይዩ።

ከወንበር ላይ የሚሰማውን ስብከት ልጅ ሊረሳው ይችላል። አባቱ የቀጥቃጩን ጥላሸት የነካውን እጅ ሲጨብጥ ያየ ልጅ ግን፥ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ እንደ ተፈጠረ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቀዋል።