«ዲግሪዬን ደብቄ ሲሚንቶ እሸከማለሁ»

በዚህ ሳምንት የመረጥንላችሁ ደብዳቤ ከወደ ዱራሜ የመጣ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለለመነን አላወጣነውም፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገሮችን ለወጥ አድርገናል። ታሪኩ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ሆሳዕናም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ሆኖ ይህን የሚያነብ ስንቱ ወጣት «ይሄማ እኔ ነኝ!» ሳይል አይቀርም።

ደብዳቤው

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

«ዕድሜዬ 26 ነው። የተወለድኩት ከሆሳዕና ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። አባቴ ገበሬ ነው። ስድስት ልጆች ስንሆን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የተመረቅኩ ዕለት አባቴ በግ አርዶ መንደሩን ጠራ። 'ከእንግዲህ የልጄ እጅ አፈር አይነካም' ብሎ መረቀኝ።

«ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ስትሆን ቢሮ ይበዛል፣ ሥራም አይጠፋም ብዬ ነበር። ያላነበብኩት የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። አንዱ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል፣ ሌላው አራት ዓመት። 'ዜሮ ዓመት' የሚል ከወጣ ደግሞ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈው ሰው መንገድ ይዘጋል። ሲመረኝ ዝቅ ብዬ ልሥራ አልኩ። አንድ ካፌ ካሸር ይፈልጋል ሲባል ዲግሪዬን ይዤ ሄድኩ። ባለቤትየዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ 'የኔ ወንድም፣ አንተ እዚህ ስንት ቀን ልትቆይ ነው? ባንክ የጠራህ ቀን ጥለኸኝ ልትሄድ!' ብላ መለሰችኝ። ወፍጮ ቤትም ሆቴልም ሞከርኩ፤ መልሱ ያው ነው። ለትልቁ ሥራ ልምድ የለህም፣ ለትንሹ ትምህርትህ በዛ!

«በመጨረሻ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ብዬ ዱራሜ መጣሁ። ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ፣ የ10ኛ ክፍል ካርዴን ብቻ ይዤ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባሁ። ባለቤቱ ጋሼ 'ከዚያ ወዲህ ምን ስትሠራ ነበር?' ሲሉኝ 'ገጠር አባቴን ሳግዝ' አልኳቸው። ወዲያው ቀጠሩኝ። ይኸው ስምንት ወሬ፤ ሲሚንቶ አወርዳለሁ፣ ቆርቆሮ እቆጥራለሁ፣ ሚስማር እመዝናለሁ።

«ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጋሼ ሂሳብ ዝብርቅርቁ የወጣ ነው። በዱቤ የወሰደ ሰው ሳይከፍል ስሙ ከደብተር ይጠፋል፤ የገባ ዕቃና የወጣ ዕቃ አይገናኝም። እያየሁ ዝም እላለሁ። ብናገር 'አንተ ይህን ከየት አወቅከው?' ይሉኛላ! ባለፈው ሳምንት ደግሞ 'ሂሳብ የሚችል ታማኝ ልጅ ታውቃለህ ወይ?' ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ 'አላውቅም' አልኳቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

«ቤተሰቤም፣ የምወዳት ልጅም ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላቸው። ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው። 'ዲግሪው ምን አደረገልህ? ና!' ይለኛል። ደላላው ከመስቀል በኋላ እወስደዋለሁ ብሏል። አባቴ ለመንገዴ ባሕር ዛፉን ሊሸጥ፣ መሬቱንም ለብዙ ዓመት በኮንትራት ሊሰጥ ተስማምቷል። የሚጠብቁት የእኔን እሺታ ብቻ ነው። ልሂድ? ለጋሼ ልናገር? ወይስ ዝም ብዬ ልሸከም? ስለ እግዚአብሔር ምከሩኝ።

«ዲግሪ የከበደው፣ ከዱራሜ»

መልሳችን

ወንድማችን፣ ደብዳቤህን ደጋግመን አነበብነው። በቅድሚያ አንድ ነገር ከልብህ አውጣ፤ ሥራ ያጣኸው ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ መንግሥት ይመድበዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ እንኳ በአገሪቱ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሆሳዕና ራሷ የድሮ ስሟን የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል፣ ዱራሜም ካምፓስ አለው። ተመራቂው በዚህ ፍጥነት ሲበዛ የቢሮ ወንበር ግን በዚያው ልክ አልበዛም። አባትህ በግ ያረዱት የድሮውን ዲግሪ አስበው ነው። አንተ የወጣኸው በአዲሱ ዘመን ነው። ጥፋተኛ የለም እያልን አይደለም፤ ጥፋቱ ግን ያንተ አይደለም።

ዝቅ ብሎ መሥራትም በአንተ አልተጀመረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተሞቻችን መንገዶች ድንጋይ ሲነጠፍባቸው ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የጠረቡ ልጆች እንደነበሩ ታስታውስ ይሆናል። ያኔ ብዙ ተቀልዶባቸዋል። «ሥራ አይናቅም» ብሎ ከላይ ሆኖ መስበክ ቀላል ነው፤ አራት ዓመት አካውንቲንግ ለተማረ ልጅ መዶሻ ማቀበል የችግሩ መፍትሔ አይደለም። ስለዚህ «ይህ ለኔ አይገባም» ብለህ ብትቆጭ አንፈርድብህም። ግን ቁጭት ሌላ፣ እፍረት ሌላ!

የምትሸሸው ሥራውን ነው ወይስ ዓይን?

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅህ። ወንድምህ ደቡብ አፍሪካ ምን ይሠራል? የአብዛኛው የሆሳዕናና የከምባታ ልጅ አጀማመር የታወቀ ነው። «ሎኬሽን» ወደሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ገብቶ ብርድ ልብስና አንሶላ በትከሻው ተሸክሞ፣ ከቤት ቤት እየዞረ በዱቤ መሸጥ ነው። እዚህ መምህር የነበረ፣ ቢሮ ይገባ የነበረ ሰው ሳይቀር እዚያ ተሸክሟል። አያፍርም። ለምን ቢባል የሚያውቀው የለማ!

አንተስ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የሄድከው ለዚሁ አይደል? ሲሚንቶው አልከበደህም። የከበደህ የሚያይህ ሰው ዓይን ነው። ከዱራሜ ቀጥሎ ጆሃንስበርግ ብትሄድ ሸክሙ አይቀርልህም፤ ዓይኑ ነው የሚቀርልህ። ታዲያ ከዓይን ለመሸሽ የአባትህ መሬት ዋጋ መሆን አለበት እንዴ?

በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ብዙ ቤተሰብ አልፎለታል፤ ሆሳዕና ውስጥ የቆመው ፎቅ ይመሰክራል። ይህን አንክድም። መንገዱን ግን ደላላው አይነግርህም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ በምትባል ግዛት አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬኖች መንገድ ላይ ተጥለው ተገኙ። በሁለቱም ቦታ የአገሩ ባለሥልጣናት ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ነው ያሉት። የደረሰውም ቢሆን ሰላም እንቅልፍ አይተኛም፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፣ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል። ወንድምህ ክፉ አይደለም፤ ናፍቆህም ይሆናል። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «አንተ በመጣህበት መንገድ ልጅህን ትልክ ነበር?» በለው። መልሱን ጥሩ አድርገህ ስማ።

ለጋሼ ንገራቸው!

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ካፌዋ ሴትዮ ዲግሪህን ጠልታው አልነበረም። ቀጣሪ የተማረን ሰው ለትንሽ ሥራ ሲያይ ሦስት ነገር ይፈራል። አንድ፣ ነገ ጥሎኝ ይሄዳል። ሁለት፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላል። ሦስት፣ አልታዘዝ ይላል፣ ይንቀኛል። እነዚህን ሦስት ፍርሃቶች ያላነሳ ሰው ዲግሪ ቢያሳይም ቢደብቅም ዋጋ የለውም።

አንተ ግን ሳታውቀው ሦስቱንም መልሰሃል። ስምንት ወር አልሄድክም፤ ደመወዝ አልጠየቅክም፤ ሲሚንቶ አውርድ ሲሉህ አውርደሃል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ጋሼ የጠየቁህ «ታማኝ ልጅ» ማን እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ! የጎደለህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሸቱን ራስህ ማንሳት። አንተ ሳትነግራቸው አንድ የክፍል ጓደኛህ መደብሩ ገብቶ «እንዴ! አንተ እዚህ?» ያለ ዕለት ነገሩ ይበላሻል።

እንዴት ትነግራቸዋለህ? ሰው ፊት አይደለም። ማታ መደብሩ ሲዘጋ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። በዲግሪው አትጀምር፤ በጥፋትህ ጀምር። እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ስቀጠር አንድ ነገር ዋሽቼዎታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ የተማርኩት ሂሳብ ነው። ቀደም ብዬ ዲግሪዬን ያሳየኋቸው ሁሉ ስለመለሱኝ ነው የደበቅኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፈቀዱልኝ በዚሁ ደመወዝ፣ ሥራዬንም ሳልተው፣ ለአንድ ወር ደብተሩን ላስተካክልልዎት። ካልወደዱት ወደ ሲሚንቶዬ እመለሳለሁ።» በቃ። ስለ ደብተሩ ስትናገር ማንንም ሌባ አታድርግ። የጎደለውን በቁጥር አሳይ፣ ፍርዱን ለእሳቸው ተው።

ሊያባርሩህ ይችላሉ ወይ? አዎ፣ ይችላሉ፤ አንዋሽህም። ግን ደብተራቸው እየፈሰሰ፣ የሚያምኑት ሰው ፊታቸው ቆሞ የሚያባርሩ ነጋዴ ብዙ አይደሉም።

ደብተሩን ከሰጡህ ሁለት ነገር በትሕትና ጠይቅ። የመጀመሪያው በደመወዝ መክፈያ ላይ ስምህ እንዲገባ ነው። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር ያልተከፈለበት ከሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም፤ ማስታወቂያዎቹን ልብ ብለህ አንብብ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ከደመወዝህ ስትቀነስ ትንሽ ታምማለች፤ ግን «ዜሮ ዓመት» የሚለውን ስምህን የምታጥብልህ እሷ ናት። ሁለተኛው የሥራ ልምድ ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ባያስማማህ እንኳ የስምንት ወሩን ይዘህ ትወጣለህ።

ገና ሥራ ለምትፈልጉ

ለሌሎቻችሁም አንድ ሁለት ቃል። ለካሸርነት ስትሄዱ ዲግሪውን ባንዲራ አታድርጉት። ወረቀታችሁ አንድ ገጽ ይሁን፤ ለዚያ ሥራ የሚጠቅመው ከላይ ይምጣ፦ ሂሳብ መቻል፣ ኮምፒውተር፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛና አማርኛ መናገር። ሳይጠየቁ አለመናገር ውሸት አይደለም። «የትምህርት ደረጃ» ተብሎ ከተጠየቀ ግን እውነቱን ጻፉ። የሌላችሁን ወረቀት ማሠራትማ ወንጀል ነው፣ አይታሰብ!

«ትሄዳለህ» ሲሏችሁ «አልሄድም» ብላችሁ አትማሉ፤ ማንም አያምናችሁም። ይልቅ «እስከ ሰኔ ድረስ አለሁ። ብሄድም ከወር በፊት ነግሬዎት፣ የሚተካኝን አሠልጥኜ ነው» በሉ። ሕጉም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይላል። የሙከራ ጊዜው ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እያሉ ዓመት የሚያንከባልሉም ስላሉ ይህን እወቁ። ዋናውን ዲግሪ ለመያዣ አትስጡ፤ ኮፒ ይበቃል። ከተቻለም ሥራው ከትምህርታችሁ አንድ እርምጃ ብቻ የራቀ ይሁን። ሂሳብ የተማረ መጋዘን ይጠብቅ፣ እርሻ የተማረ የዘርና ማዳበሪያ መደብር ይግባ። እንዲህ ከሆነ ዕውቀቱ አይዝግም።

አባትህ ጋ ሂድ

ወንድማችን፣ የቀረው ከባዱ ነው። ለጋሼ በነገርክ በሳምንቱ ገጠር ግባ። ዘንድሮ በያሆዴ ሁሉም ተሰብስቦ ሥጋ ሲበላ «የቢሮው ልጅ» ተብለህ ከምትቀመጥ፣ ቀድመህ ለአባትህ ብቻቸውን ንገራቸው። ያሳዝናቸዋል፤ ቀላል አይሆንም። ግን እኚህ ሰውዬ ዕድሜ ልካቸውን አፈር ነክተው ነው አንተን ያስተማሩት። ሲሚንቶ የነካ እጅ አያስጠላቸውም። የሚጎዳቸው ባሕር ዛፉ ተሸጦ፣ መሬቱ ሰው እጅ ገብቶ፣ ያንተም ድምፅ መንገድ ላይ የጠፋ ዕለት ነው። «መሬቱን እንዳይሰጡ፤ አንድ ዓመት ይስጡኝ» በላቸው።

ለልጅቷም እንዲሁ። ስለ ሲሚንቶው ከሄደች የምትወደው አንተን ሳይሆን ቢሮውን ነበር፤ ይህን አሁን ማወቅ ይሻልሃል። ግን አትቸኩል፣ ላትሄድም ትችላለች።

ዲግሪህን ከሻንጣው አውጣው፤ ታጥፎ እንዳይቀደድ። ጋሼ ምን እንዳሉህም ጻፍልን።