ብርድ የማይመልሳት ፀሐይ

ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ የወጣ ሰው «ፀሐይ ትጎዳኛለች» ብሎ አይሰጋም፤ እንዲያውም ፊቱን ሰጥቶ ይሞቃታል። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይታይም፣ ሙቀቱም አይሰማም። ብርዱ አይቀንሰውም፤ ከፍታው ግን ያበረታዋል። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከተማዋ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሚያዝያና ነሐሴ ላይ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ስስ ደመና ቢጋርዳትም አብዛኛው ጨረር ያልፋል።

«እኛን ጥቁሮችን ምን ታደርገናለች?» የሚሉ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የቆዳ ካንሰርን ስጋት በእጅጉ ይቀንሳል። ማድያትንና የዓይን ሞራን ግን አያስቀርም። ማድያት ያስጨነቃት ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበት የቆዳ ማቅያ ቅባት ትገዛለች፤ ቆዳዋ ይሳሳል፣ ፀሐይዋም ማድያቱን መልሳ ታመጣዋለች። ከፀሐይ ሳይከለሉ ማድያት ማከም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ለመግዛት የቻለም የመከላከል አቅሙን በሚነግረው የኤስፒኤፍ ቁጥር አይታለል። ኤስፒኤፍ 30 ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ይከላከላል። ለአንዲቷ በመቶ ብዙ ብር ከመጨመር ሳይሰስቱ መቀባትና ውጭ የዋሉ እንደሆነ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የሚውል ገበሬ ግን ይህን ወጪ አይችለውም፤ እኔም ግዛ አልለውም። ለእርሱ የሚበጀው ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በተቻለ መጠን ጥላ ነው። የእናቶቻችን ጃንጥላም ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ቅባቱ የግድ የሚሆንባቸው ወገኖች ግን አሉ፤ አልቢኒዝም ያለባቸው። ሜላኒናቸው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ በአፍሪካ ብዙዎቹን የቆዳ ካንሰር ገና በወጣትነታቸው ይቀጥፋቸዋል። ታንዛኒያ ሞሺ ላይ ኪሊሰን የተባለ ቅባት ለእነርሱ ተብሎ ይመረታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 እ.ኤ.አ. ሰንስክሪንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ብዙ ሰው የሚያየው እንደ መዋቢያ ነው። በወሎ ቦረናም ሆነ በሳይንት አልቢኒዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት ቅባቱን ከጤና ጣቢያ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያዋ፣ እንደማንኛውም መድኃኒት ልታገኘው ይገባል።