መደርደሪያው የማያውቀው ዝርዝር

ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢው የሚያቀርበው የምርጫ ዝርዝር እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በድረ ገጽ ይወጣል፤ «ለሁሉም ዕድሜ የሚሆኑ መጻሕፍትና ትምህርታዊ መተግበሪያዎች» የሚል ርእስ ይሰጠውና ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ ያዳረሰ ይመስላል። ዳሩ ግን ዝርዝሩን ይዞ ወደ መደርደሪያው የሄደ አንባቢ ከአሥሩ ስንቱን ያገኛል? ካገኘውስ ውስጥ ስንቱን በገዛ ቋንቋው ያነባል? ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ከሐዋሳ እስከ ሐርጌሳ ባሉት የንባብ ቤቶች ሊነሣ ሲገባው እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

ዝርዝር ምስክርነት ነው። «ይህን አንብቡ» የሚል ሰው አንብቦታል ተብሎ ይታመናል፤ «ይህን መተግበሪያ ለልጃችሁ ጫኑ» የሚል ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጦ ሞክሮታል ተብሎ ይታመናል። ያላየውን የሚመሰክር ሰው በችሎት ፊት ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። በቤተ መጻሕፍት ግን ከሩቅ አገር የተዘጋጀ ዝርዝር ተቀድቶ፣ ማኅተም ታክሎበት ሲወጣ የሚጠይቅ የለም። ለኒው ዮርክ ልጅ የተመረጠው ለደሴ ልጅም እንደ ተመረጠ ይቆጠራል። የደሴው ልጅ መጽሐፉን አያገኘውም፤ መተግበሪያውም ክፍያ የሚጠይቀው አባቱ በእጁ በማይዘው ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሆነውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት፣ ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው አስቀመጠ። አዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ተነገራቸው እንጂ መምህር አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገረው፣ ሕፃናቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሣሪያውን ከፍተው አበሩት፤ በጥቂት ወራትም ሆን ተብሎ የተዘጋባቸውን ካሜራ መክፈት ቻሉ። አንድ ልጅ ደግሞ የሥዕል መተግበሪያ ከፍቶ በእንግሊዝኛ ፊደል «ላየን» ብሎ ጻፈ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ ተጨበጨበ።

የሕፃናቱ ንቃት የሚካድ አይደለም፤ ይልቁን ከመሣሪያው በላይ የሚደነቀው እሱ ነው። ነገር ግን በኦሮሚያ ገጠር የሚያድግ ልጅ አንበሳን በቤቱ «ሌንጫ» ይለዋል። ነገ ትምህርት ቤት ቢገባ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ የተጫነለት የፊደል መዝሙርና የእንስሳት ጨዋታ የእናቱን ቃል አያውቀውም፤ ስለዚህ ልጁ በራሱ ብልሃት የደረሰው ቤቱ ውስጥ ማንም ከማይናገረው ቃል ላይ ሆነ። አባቱ «ምን ጻፍህ?» ቢለው አስተርጓሚ ሊሆን ነው። ያን ያህል ገንዘብና ያን ያህል ጭብጨባ ወጥቶ፣ በልጁ ቋንቋ አንዲት የሥዕል መጽሐፍ ከሣጥኑ ጎን ማስቀመጥ ለምን ከበደ? መሣሪያውን የመረጡት ሰዎች ስለ መሣሪያው ብዙ አስበዋል። ስለሚነበበው ያሰቡት ጥቂት ነው።

«ምንም ከሌለ እንግሊዝኛውስ ቢሆን ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ሲሰሙት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። እንግሊዝኛ የዓለም በር ነው፣ ልጁ ቶሎ ቢለምደው ይጠቅመዋል ይላል። ለዚህ መልሱ በቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ምዘናው የተደረገው ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ እንጂ በእንግሊዝኛ አልነበረም። በአፍ መፍቻው አንዲት ቃል ያላነበበ ልጅ በሰው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ቢከመርለት የሚያየው ሥዕሉን ነው። በሩን ከመክፈት በፊት ደጃፉ ላይ መቆሚያ ያስፈልጋል፤ መቆሚያውም የሚያውቀው ቃል ነው።

ነገሩ ከዚህም ከዚያም የሚታይበት አንድ ታሪክ አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠራ ነበር። ሥራው መጽሐፍ መምረጥና ማስመረጥ ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲሰባሰቡ ለአማርኛ የሚሆን ፈልጎ አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በዝርዝሩ ላይ የአማርኛን ቦታ ዘሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን የማሞ ቂሎን ተረት መነሻ አድርጎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ይዞ የመጣው 15 ሺህ ያህል የስጦታ መጽሐፍ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ እንደ ነበር መደበቅ አያስፈልግም። ልዩነቱ በስጦታው አለማቆሙ ነው፤ የጎደለውን አይቶ «የለም» አለ፣ ቀጥሎም እንዲኖር አደረገ። የመጻሕፍት ምርጫ ሥራ የሚጀምረው ከዚች «የለም» ከምትል ቃል ነው፤ የዛሬዎቹ ዝርዝሮች አጥብቀው የሚሸሹትም ይህችኑ ቃል ነው።

ወደ መተግበሪያዎቹ ሲመጣ ጥንቃቄው ሊጨምር ይገባል፤ መጽሐፍ ቢያንስ ሲገልጡት ይታያል። አማርኛ እናስተምራለን ከሚሉት መካከል ከእንግሊዝኛ ተገልብጠው ልብሳቸውን ብቻ የቀየሩ አሉ። የእንግሊዝኛው ሥርዓት ነጠላ ድምፆችን እየገጣጠመ ቃል ይሠራል። የአማርኛው ፊደል ግን እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ልጁ ከ«በ» ወደ «ቡ»፣ ከ«ለ» ወደ «ሉ» ሲሻገር የሚያስተውለው የቅርጽ ለውጥ አለ፤ ትምህርቱ የሚገነባው በዚያ ላይ ነው። ይህን ያልተረዳ መተግበሪያ 231ዱን ፊደል እንደ 231 የተለያየ ሥዕል ያስቆጥረዋል። ልጁ ቢሰለች በማን ይፈረዳል?

የድምፁ ነገር ደግሞ አለ። አማርኛ መጥበቅንና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፤ ሲጠብቅ የታኅሣሥ መጨረሻ በዓል ነው። ማንኛውም አያት ይህን ሳታስብበት ትለየዋለች፤ በማሽን ድምፅ የሚያነብ መተግበሪያ ግን ሁሉንም አንድ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። «ቀ»ን እንደ «ከ»፣ «ጠ»ን እንደ «ተ» የሚጠራ ድምፅ ለሦስት ዓመት ልጅ ጆሮ መምህር ሆኖ ሲቀርብ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ በተለይም በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ እያደገ አማርኛን ከወላጆቹና ከዚያ መሣሪያ በቀር ከሌላ ለማይሰማ ልጅ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እንዲህ ያለውን መተግበሪያ ከማስመረጡ በፊት ግማሽ ሰዓት ቢያዳምጠው ምን ያህል ይደክመው ይሆን?

ይህ ማለት ሥዕልና ድምፅ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይወገዝ ማለት አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስትጀምር ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ነበረች። በጀቷ ትንሽ ነበር፤ የምትናገረው ግን የልጆቹን አማርኛ ነበር፣ የምታነሣውም የሰፈራቸውን ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን ያገኘችውም በካልሲዋ ነው። ቴክኖሎጂው ካልሲ ሆኖ ይዘቱ የራስ ሲሆንና ቴክኖሎጂው ታብሌት ሆኖ ይዘቱ የሰው ሲሆን የሚፈጠረውን ልዩነት ያየ ሰው ዝርዝሩን ከምን መጀመር እንዳለበት አይጠፋውም።

መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም ሌላ ወጥመድ አለ። አንባቢው ዝርዝሩ ላይ «ሐዲስ ዓለማየሁ» የሚለውን አይቶ በኮምፒዩተሩ መፈለጊያ «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ብዙው ሥርዓት «የለም» ይለዋል። ሐመሩ «ሐ» እና ሃሌታው «ሀ»፣ ዓይኑ «ዓ» እና አልፋው «አ» ለኮምፒዩተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ ግን አንድ ናቸው። ከዚያም ስሙ በውጭ ልማድ ተገልብጦ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አባትየው ደራሲ ይሆናል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ «መሣሪያው አይችልም» የሚለው ምክንያት አርጅቷል። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥርዓት ማበጀት ለአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ለዝርዝሩ ሽፋን ማሳመሪያ የሚወጣው ገንዘብ በዚህ ላይ ቢውል ምናልባት «ፍቅር እስከ መቃብር» በቤቱ እያለ የጠፋ መጽሐፍ መሆኑ ይቀር ነበር።

ሌላም የሚያሳፍር ጉዳይ አለ። መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲንር፣ አንባቢው ወደ ቴሌግራም ይሄዳል፤ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ የተበተነ ቅጂ ያገኛል። አንባቢውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ማንበብ ፈልጎ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ንባብን እናበረታታለን የሚሉ ወገኖች ይህንኑ «ነጻ ቤተ መጻሕፍት» ብለው ሲያስመርጡ ይታያል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በሕይወት ያለ ደራሲ ከሥራው አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ ሲነበብ ነጻ የሆነው ለማን ነው? ቤተ መጻሕፍት ሊያደርገው የሚችለው ክቡር ነገር ደራሲውንና አሳታሚውን አስፈቅዶ፣ ከፍሎም ቢሆን፣ በቤቱ ውስጥ የሚነበብ ዲጂታል ቅጂ ማዘጋጀት ነው። አድካሚ ነው። ሊንክ መለጠፍ ይቀላል።

«ለሁሉም ዕድሜ» የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዋሸው በጎልማሶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል፤ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ። ከቆጠሩት መካከል ስንቱ የሚያነበው አጥቶ መልሶ ረሳ? ለአቅመ ንባብ ገና የደረሰ የ50 ዓመት ገበሬ የሕፃን ተረት ቢሰጠው ይሳቀቃል፤ ወፍራም ልቦለድ ቢሰጠው ይሸሻል። በመካከሉ ያለው፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሕግ የሚያወራ መጽሐፍ ከዝርዝሩ ላይ አይታይም። ዐይኑ ለደከመውም እንዲሁ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ማንበብ የማይችለውም፣ ማንበብ የሚችለውም አንድ ላይ አዳምጧል። በአማርኛ ለሁሉም ዕድሜ የሆነ ሥራ ይፈለግ ከተባለ እሱ ነው፤ በዝርዝሮች ላይ ግን ድምፅ የሚባል አምድ እንኳ እምብዛም አይኖርም።

ጎረቤት አገር የሚሆነውን ማየት አይከፋም። በኬንያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋሪሳ ተነሥቶ ወደ አርብቶ አደሩ የሚሄድ የግመል ቤተ መጻሕፍት አለ። ግመል የሚሸከመው ውስን ነው፤ ስለዚህ የሚጫነው መጽሐፍ ሁሉ የታሰበበት መሆን አለበት፤ ማንም ጤነኛ ሰው የማይነበብ መጽሐፍ በበረሃ አያጓጉዝም። በሐርጌሳም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ለሶማልኛ መጽሐፍ የክብር ወንበር ሰጥቶታል።

አዲስ አበባ ሕንፃ አላነሳትም። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም የአገር ውስጥ ኅትመት ቅጂ ወደ ብሔራዊው ቤት እንዲገባ ያዝዛል። በአራት ኪሎ አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ሕዝቡም መጽሐፍ ለግሶለታል። እነዚህ ቤቶች የሚያወጡት ዝርዝር ሊይዘው የሚገባው ብዙ አይደለም። መጽሐፉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ ስንት ቅጂ እንዳለ፣ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ፣ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደ ሆነ፣ ያነበበው ወይም የሞከረው ሠራተኛ ስም ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ቀጥሎም ባዶዎቹ መስመሮች ይታተሙ። «ለአሥር ዓመት ልጅ፣ ስለ ከዋክብት፣ በአማርኛ፦ የለም።» «ለአዲስ አንባቢ ጎልማሳ፣ ስለ መሬት ሕግ፣ በአፋን ኦሮሞ፦ የለም።» «ለዐይነ ስውር ተማሪ፣ የታሪክ መጽሐፍ በድምፅ፦ የለም።» ይህ ገጽ በየዓመቱ መስከረም ላይ በደጃፉ ይለጠፍ፤ አሳታሚውም፣ ደራሲውም፣ ታብሌት ይዞ የሚመጣው ለጋሽም ከመግባቱ በፊት ያንብበው።